ካሜራውም ፕሪንተሩም መታወቂያ ያሳይ፦ የቢሮ ኔትወርክን በሰርተፍኬት የመጠበቅ አሠራር

ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ ስትሄዱ አንዴ ቀና ብላችሁ ሕንፃዎቹን እዩ። በየመግቢያው፣ በየፓርኪንጉ፣ በየአጥሩ ካሜራ አለ። ከካሜራው ጀርባ ገመድ አለ። ገመዱ በግድግዳው ቀዳዳ ይገባና ሄዶ ሄዶ ሒሳብ ክፍሉ የተሰካበት ስዊች (የቢሮውን የኔትወርክ ገመዶች የሚያገናኝ ሣጥን) ላይ ያርፋል። አንድ ሰው መሰላል አምጥቶ ካሜራውን ነቅሎ ላፕቶፑን ቢሰካበትስ? በብዙ ቢሮ መልሱ አጭር ነው፤ ይገባል። ስዊቹ ማን ነህ ብሎ አይጠይቅም።

ይህ መመሪያ ስዊቹ እንዲጠይቅ ለማድረግ ነው። ከ20 እስከ 100 ዕቃ ያለው ቢሮ፣ ክሊኒክ ወይም ሆቴል አስቤ ነው የጻፍኩት። ስዊች ውስጥ ገብቶ ማስተካከል የሚችልና ሊኑክስ የማይፈራ አንድ ሰው ካለ ይበቃል።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። ሰው ሁሉ የሚፈራው ሰርተፍኬቱን፣ ማለትም ዕቃው ውስጥ የሚጫነውን የመታወቂያ ፋይል ነው። ሰርተፍኬት ማውጣት ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ሥራውን የሚያበላሹት ሁለት ተራ ነገሮች ናቸው፦ የዕቃ ዝርዝር እና ሰዓት። ስለዚህ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

አሠራሩ ባጭሩ

ሕንፃ በር ላይ ጥበቃው ያስቆማችኋል። መታወቂያ ትሰጡታላችሁ። እሱ ግን ራሱ አይወስንም፤ ወደ ላይ ደውሎ «እንዲህ የሚባል ሰው መጥቷል፣ ላስገባው?» ይላል። እዚህ ጥበቃው ስዊቹ ነው። ላይ ሆኖ የሚወስነው ራዲየስ የሚባለው ሰርቨር ነው። መታወቂያው ሰርተፍኬቱ ነው። ይህ አሠራር 802.1ኤክስ ይባላል፤ ደረጃው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። በሰርተፍኬት የሚተያዩበት ዘዴ ደግሞ ኢኤፒ-ቲኤልኤስ ነው። ከሕንፃው በር የሚለየው አንድ ነገር ነው፤ እዚህ እንግዳውም የላይኛውን ሰው መታወቂያ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ካሜራውን ያረጋግጣል፣ ካሜራውም ሰርቨሩን።

ፓስዎርድ ለምን አይበቃም? እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ካሜራና ዲቪአር (የካሜራ ምስል መቅጃ) እየፈለገ ያዘ። የተጠቀመው ብልሃት የረቀቀ አልነበረም። ከፋብሪካ የመጡ ወደ 60 የሚጠጉ የስምና የፓስዎርድ ጥንዶችን እየቀያየረ ሞከረ፣ በቃ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን ዳይን የተባለውን የዶሜይን ስም አገልግሎት ሰጪ ሲመቱት ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለብዙ ሰው ለሰዓታት አልከፈት አሉ። የመቱት የሰው ቤትና የሰው ሱቅ ካሜራዎች ናቸው። ሰርተፍኬት ከፋብሪካ ፓስዎርድ የሚሻለው እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ስላለው ነው። አንዱ ቢሰረቅ ያንን አንዱን ትሰርዛላችሁ እንጂ የሁሉንም አትቀይሩም።

1. ቆጠራ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ዙሩ። እያንዳንዱን ዕቃ መዝግቡ፦ ምን እንደሆነ፣ የት እንዳለ፣ ሞዴሉን፣ ማክ አድራሻውን፣ የተሰካበትን ስዊችና ፖርት፣ ኃላፊው ማን እንደሆነ። ማክ አድራሻ ማለት ዕቃው ጀርባ ላይ የተለጠፈው ባለ 12 ምልክት ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 ምልክቶች አምራቹን ይነግሯችኋል።

ከዚያ ስዊቹ ውስጥ ግቡና እሱ የሚያያቸውን ማክ አድራሻዎች አውጡ። ሁለቱን ዝርዝር አስተያዩ። አይገጥምም። አይዟችሁ፣ የማንም አይገጥምም። ስዊቹ የሚያየው ግን ወረቀታችሁ ላይ የሌለ ዕቃ ሁሉ እስኪገኝ ወደሚቀጥለው ደረጃ አትለፉ።

የጠፋውን ዕቃ የምታገኙት ቢሮው ውስጥ ከቆየ ሰው ነው። ገንዘብ ያዧን ጠይቁ፦

«እትዬ፣ ይሄ ከጠረጴዛው ሥር ያለው ምንድነው?»

«እኔ እንጃ ልጄ። ኢንተርኔት ሲጠፋ እሱን ነቅለሽ ስኪው ብለውኛል።»

ያ ነገር ርካሽ ባለ 8 ፖርት ስዊች ነው፤ መወገድ አለበት። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የ802.1ኤክስ መልእክት እንዲህ ዓይነት ስዊችን አልፎ እንዲሄድ አልተሠራም፤ ብዙዎቹ ይጥሉታል። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ቢያልፍ እንኳ ዋናው ስዊች በአንድ ፖርት አንዱን ካሳለፈ በኋላ ከኋላው ያሉትን ሁሉ ዝም ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል። በቦታው ገመድ ጨምሩ ወይም ማኔጅ የሚደረግ (ውስጡ ገብታችሁ የምታስተካክሉት) ትንሽ ስዊች አስገቡ።

በሜክሲኮና በስታዲየም ዙሪያ ባሉ የቆዩ ሕንፃዎች ሌላ ጣጣም አለ። አንድ ፎቅ ላይ ብዙ ድርጅት አለ፣ የገመድ መውረጃው አንድ ነው። የጎረቤት ገመድ እናንተ ስዊች ላይ ተሰክቶ ልታገኙ ትችላላችሁ። በኮሪደር ልማቱ ጊዜ ቢሮ የቀየራችሁም ብትሆኑ ያው ነው፤ አዲሱ ቢሮ ከቀድሞው ተከራይ የወረሳችሁት ገመድ ይኖረዋል። የማንነቱ ያልታወቀ ገመድ ይነቀል። ባለቤቱ ራሱ ይመጣል።

ቆጠራው ሲያልቅ ዕቃዎቹን በሦስት ክፈሉ። ኢኤፒ-ቲኤልኤስ የሚችሉ አሉ፤ ላፕቶፖች፣ የቅርብ ጊዜ የድርጅት ፕሪንተሮች፣ ደህና ካሜራዎች እዚህ ይገባሉ። ፈርምዌር (ዕቃውን ከውስጥ የሚያሠራው ፕሮግራም) ቢታደስላቸው የሚችሉ አሉ። ጭራሽ የማይችሉም አሉ፤ የጣት አሻራ ማሽንና የድሮ ዲቪአር ብዙ ጊዜ እዚህ ናቸው። የየዕቃውን የድረ ገጽ ማስተካከያ ከፍታችሁ ኔትወርክ ወይም ሴኪዩሪቲ የሚለው ሥር 802.1ኤክስ መኖሩን እዩ። ካለም አትቸኩሉ። አንዳንዱ ዕቃ 802.1ኤክስ አለኝ ይልና የሚችለው ኢኤምዲ5 የሚባለውን በፓስዎርድ የሚሠራ ያረጀ ዘዴ ብቻ ነው። እሱን ከማይችሉት ጋር መድቡት። በራሱ ሲም ካርድ የሚሠራ የባንክ ፖስ ማሽን ካለ ከኔትወርካችሁ ውጭ ስለሆነ እለፉት።

2. ሰዓት

ሰርተፍኬት ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ይሠራል የሚል ጊዜ አለው። ዕቃው ያንን የሚያመዛዝነው በራሱ ሰዓት ነው። የዕቃው ሰዓት ከተሳሳተ ትክክለኛው ሰርተፍኬት ውሸት ይሆንበታል። ይህ በየትም አገር ያለ ችግር ነው። እኛ ጋ ግን ሦስት ተጨማሪ መልክ አለው።

የመጀመሪያው ዘመን አቆጣጠር ነው። ዲቪአሩን የገጠመው ልጅ ዓመተ ምሕረት ሲጠየቅ 2018 ብሎ ይሞላል። ለሱ ልክ ነው። ዕቃው ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ነው። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2025 ከሆነ ዕቃው «ይሄ መታወቂያ ሥራ የሚጀምረው ከ7 ዓመት በኋላ ነው» ብሎ ሰርቨሩን ይመልሰዋል። የሚያናድደው መልእክቱ ነው። ሰርቨሩ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው መጥፎ ሰርተፍኬት የሚል ብቻ ነው፤ ስለ ቀን ምንም አይልም። ሰርተፍኬቱን ደጋግማችሁ ብታወጡ ለውጥ የለውም።

ሁለተኛው የቀን ሰዓት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዕቃው ላይ 3፡00 ብሎ የሞላ ሰው ዕቃውን 6 ሰዓት ወደ ኋላ አስቀርቶታል። የቆየ ሰርተፍኬት ላይ ይህ ላይታወቅ ይችላል። ዛሬ ጠዋት ያወጣችሁት ላይ ግን እስከ ከሰዓት በኋላ እምቢ ይላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማንም ሳይነካው ራሱ ይሠራል፤ ያኔ ሰው ምን እንደሆነ ሳይገባው «ተስተካክሏል» ብሎ ይሄዳል። መድኃኒቱ ሰርተፍኬት ስታወጡ የሚጀምርበትን ቀን በአንድ ቀን ወደ ኋላ ማድረግ ነው።

ሦስተኛው የሰዓት ክልል ነው። ብዙ ካሜራ ከፋብሪካ ሲመጣ በቻይና ሰዓት ላይ ነው፣ ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ሲደመር 8። አዲስ አበባ ሲደመር 3 ነው። ክልሉን ሳይቀይር የግድግዳውን ሰዓት ብቻ አይቶ ያስተካከለ ሰው ዕቃውን በውስጥ 5 ሰዓት ወደ ኋላ ያስቀረዋል። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ልክ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥርም። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ የሰዓት ክልል፣ ቀጥሎ ኤንቲፒ የሚባለው ሰዓት አስተካካይ፣ በእጅ መሙላት መጨረሻ።

ታዲያ አሁን እንቆቅልሹ ይመጣል። ዕቃው ሰዓቱን ከኤንቲፒ ለማግኘት ኔትወርክ ይፈልጋል። ኔትወርክ ለመግባት ደግሞ ትክክለኛ ሰዓት ይፈልጋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ባትሪው ያለቀ ዲቪአር 1970 ወይም 2000 ላይ ሆኖ ይነሳና እዚያው ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ባትሪውን መቀየር ነው፤ ብዙ ዲቪአሮች ውስጥ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው ጠፍጣፋ ባትሪ ናት፣ ዋጋዋም ከባድ አይደለም። ሌላው ማረጋገጫውን ላላለፈ ዕቃ ጠባብ ማረፊያ ቪላን፣ ማለትም በዚያው ስዊች ላይ ከሌላው የተለየ የኔትወርክ ክፍል፣ ማዘጋጀት ነው። እዚያ ውስጥ የአይፒ አድራሻ ማግኘትና በዩዲፒ ፖርት 123 ሰዓት መጠየቅ ብቻ ይቻላል፤ ሌላ ምንም። ሁለቱንም አድርጉ። የኤንቲፒ ሰርቨሩ እዚያው ቢሮ ውስጥ ይሁን፤ የውጭ ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ቀን ካሜራዎቻችሁ አብረው መቆም የለባቸውም።

የራዲየስ ሰርቨሩን ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ለማድረግ ያሰባችሁ ትኖራላችሁ። ለ40 ዕቃ ጉልበቱ ይበቃል። ግን ፓይ 4 ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም። ሲጠፋ ሰዓቱ ባቆመበት ይቆምና ሲነሳ ከዚያው ይቀጥላል። ወይ የሰዓት ሞጁል ጨምሩበት፣ ወይ ፓይ 5 ከነባትሪው ውሰዱ፣ ወይ ያገለገለ ዴስክቶፕ ተጠቀሙ። እኔ ዴስክቶፑን እመርጣለሁ።

3. የራሳችሁ ሰርተፍኬት ሰጪ

ለዚህ ሥራ ሰርተፍኬት ከውጭ አትግዙ። የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ራዲየሱ ላይ የሕዝብ ሰርተፍኬት ሰጪን ታማኝ ነው ብላችሁ ካስገባችሁ፣ ሌላ መቆጣጠሪያ እስከሌለ ድረስ ከዚያው ሰጪ ሰርተፍኬት ያወጣ ማንም ሰው ይገባል። ራዲየሱ ማመን ያለበት የእናንተን ሰጪ ብቻ ነው።

በመዳፊት መሥራት ለሚመርጥ ኤክስሲኤ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ትእዛዝ መጻፍ የለመደ ኦፕንኤስኤስኤል ይጠቀም። መጀመሪያ ዋናውን ሰርተፍኬት ለ10 ዓመት ታወጣላችሁ። ይህ ከኔትወርክ በተነቀለ ላፕቶፕ ላይ ይሠራ። ሚስጥራዊ ቁልፉ (ሰጪው የሚፈርምበት ፋይል) በፓስዎርድ ተቆልፎ ሁለት ፍላሽ ላይ ይቀመጥና አንዱ ሒሳብ ክፍል ካዝና ውስጥ ይግባ። ከዋናው ሥር አንድ መካከለኛ ሰጪ አውጡ፤ የዕለት ተዕለቱን የሚፈርመው እሱ ነው። ለ40 ዕቃ ሁለት ደረጃ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። መካከለኛው ቁልፍ ቢሰረቅ እሱን ብቻ ትተካላችሁ። ዋናው ቢሰረቅ ግን መሰላል ይዛችሁ ካሜራ በካሜራ መዞር ነው።

ሰርቨሩ የራሱ ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል፣ እያንዳንዱ ዕቃም እንዲሁ። ሲወጡ የተጨማሪ አገልግሎት ቁጥር የሚባለውን አትዝለሉት። ለሰርቨሩ 1.3.6.1.5.5.7.3.1 ነው፣ ለዕቃው 1.3.6.1.5.5.7.3.2። የመጀመሪያው ከጎደለ ዊንዶውስ ሰርቨሩን አልቀበልም ይላል። ቁልፉ አርኤስኤ 2048 ይሁን፤ የቆዩ ዕቃዎች የሚግባቡት በሱ ነው።

ስሙን በቆጠራችሁ መሠረት ስጡት፦ የዕቃው ዓይነት፣ ፎቅ፣ ተራ ቁጥር። ሰርተፍኬቱ ውስጥ ግን ስሙን በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ጻፉ። ብዙ ዕቃ የአማርኛ ፊደል ሲያይ የጥያቄ ምልክት ይደረድራል፣ የባሰበትም ሰርተፍኬቱን አልቀበልም ይላል።

የሚያበቃበት ቀን ላይ ትንሽ አስቡ። ለድረ ገጽ የሚሆኑ የሕዝብ ሰርተፍኬቶች እ.ኤ.አ. ከማርች 2029 ጀምሮ ከ47 ቀን በላይ እንዳይቆዩ ተወስኗል። ያ እናንተን አይመለከትም። በእጅ ለምታድሱት ዕቃ 2 ዓመት ጥሩ ነው እላለሁ። ግን ሁሉም በአንድ ቀን እንዳያልቅ በወራት በትኑት። ቀኑም ሰኔ 30 ዙሪያ አይዋል። ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ፕሪንተር ከኔትወርክ ቢወጣ ሰው የሚፈልገው እናንተን ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ የሚጻፈው በፈረንጅ ስለሆነ ሰኔ 30 ማለት ጁላይ 7 መሆኑን አትርሱ።

4. ራዲየሱ

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ሊኑክስ ላይ ፍሪራዲየስ የሚባለውን የራዲየስ ፕሮግራም ጫኑ። ነፃ ነው። ዊንዶውስ ሰርቨርና አክቲቭ ዳይሬክተሪ ያላችሁ ኤንፒኤስ የሚባለውን የዊንዶውስ ራዲየስ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ግን ለእያንዳንዱ ካሜራ ዳይሬክተሪው ውስጥ አካውንት መክፈት ይኖርባችኋል። ካሜራና ፕሪንተር ለበዛበት ቢሮ ፍሪራዲየስ ይቀላል።

ሲጫን አብረውት የሚመጡ የሙከራ ሰርተፍኬቶች አሉ። ለሙከራ ናቸው፣ ቁልፋቸውን የሚከፍተው ፓስዎርድም በይፋ የታወቀ ነው። አውጥታችሁ በራሳችሁ ተኩ። የኢኤፒ ፋይል ውስጥ ነባሪውን ዘዴ ቲኤልኤስ አድርጉ፣ ሌሎቹን ዘዴዎች አጥፉ፣ ዝቅተኛውን የቲኤልኤስ ዕትም 1.2 አድርጉ። የደንበኞች ፋይል ውስጥ እያንዳንዱን ስዊች ከነአይፒው መዝግቡ። ለእያንዳንዱ የተለያየና ረጅም ሚስጥር ስጡት። ፋይሉ ውስጥ ለምሳሌ የተቀመጠው ቴስቲንግ123 ብዙ ቢሮ ውስጥ ሳይነካ ይኖራል። ሰርቨሩና ስዊቹ የሚነጋገሩት በዩዲፒ ፖርት 1812 ነው፤ 1813 ለመዝገብ ነው። ሁለቱም ለስዊቾቹ ብቻ ክፍት ይሁኑ።

አሁን ዋናው ነጥብ። ፍሪራዲየስ ከራሳችሁ ሰጪ የወጣና ጊዜው ያላለፈ ሰርተፍኬት ሁሉ ያሳልፋል። ስለዚህ የተፈቀዱ ስሞች ዝርዝር ጨምሩና ስሙ እዚያ የሌለ አይግባ። ከስሙ ጎንም ወደየትኛው ቪላን እንደሚሄድ ጻፉ፤ ሰርቨሩ ያንን ለስዊቹ የሚልከው በ64፣ በ65 እና በ81 ቁጥር መለያዎች ነው። ዕቃ ሲጠፋ ስሙን ሰርዛችሁ ሰርቨሩን ዳግም ማስነሳት ነው፣ አለቀ። የተለመደው ምክር የተሰረዙ ሰርተፍኬቶች ዝርዝር አውጡ የሚል ነው። ትክክል ነው። ግን ያ ዝርዝር ራሱ ቀን አለው። ኦፕንኤስኤስኤል በነባሪ የሚሰጠው 30 ቀን ነው። ማደስ ከተረሳ በ31ኛው ቀን ሁሉም ዕቃ አንድ ላይ ይወድቃል። ሙሉ ጊዜ የሚከታተል ሰው በሌለበት ቢሮ የስም ዝርዝሩ ይሻላል።

ሰርቨሩን ማንኛውም ዕቃ ሳትነኩ ሞክሩት። አቁሙትና ከትእዛዙ ቀጥሎ ሰረዝና ትልቁን ኤክስ ጨምራችሁ አስነሱት፤ የሚያደርገውን ሁሉ ስክሪን ላይ ይነግራችኋል። አንድ ላፕቶፕ በሙከራ ሰርተፍኬት አስገቡ። ቀጥሎ ስሙን ሰርዛችሁ መከልከሉን እዩ። መፍቀዱን ብቻ አይቶ የሚሄድ ሰው ግማሹን ነው የሞከረው።

ቅርንጫፍ ቢሮ በቪፒኤን የተገናኘ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰርተፍኬት ትልቅ ስለሆነ በብዙ ቁራጭ ይላካል። ዋናው መሥሪያ ቤት እየሠራ ቅርንጫፉ ላይ መሐል ላይ ዝም ካለ ቁራጩ ለመስመሩ በዝቶበት ነው። ፍሪራዲየስ ላይ የቁራጭ መጠን 1024 ነው፤ ዝቅ አድርጉት።

5. ሰርተፍኬቱን ዕቃው ላይ መጫን

ሁለት መንገድ አለ። የተሻለው፣ ዕቃው ራሱ ቁልፍ ይፈጥራል፣ የሰርተፍኬት ጥያቄ ፋይል ያወጣል፣ እናንተ ትፈርማላችሁ፣ መልሳችሁ ትጭናላችሁ። ሚስጥራዊው ቁልፍ ከዕቃው አይወጣም። ይህንን የማይችል ዕቃ ላይ ቁልፉንና ሰርተፍኬቱን አንድ ላይ የያዘ ፒ12 ፋይል ትጭናላችሁ። ያንን ፋይል እባካችሁ በቴሌግራም አትላኩት። ለራስ በተላከ መልእክት ውስጥም አታስቀምጡት። በፍላሽ ወስዳችሁ ጫኑና ፋይሉን አጥፉ።

ከዚያ የእናንተን ዋና ሰርተፍኬት ጫኑ፣ ዕቃው ሰርቨሩን እንዲያረጋግጥም አድርጉ። ብዙ ሰው ይህን ሳጥን ባዶ ይተዋል፤ እሱ ከሌለም ይሠራላ! ግን ካፌ ውስጥ ሆኖ ለራሱ ዋይፋይ የእናንተን ስም ሰጥቶ ራሱን ሰርቨር ያደረገን ሰው ዕቃችሁ ያለ ጥያቄ ይቀበለዋል።

በእጃችሁ ደረጃ በደረጃ የመጀመሪያዋን ካሜራ ስትጨርሱ እንዲህ ይሁን፦ ፈርምዌር ታደሰ፣ የፋብሪካው ፓስዎርድ ተቀየረ፣ የሰዓት ክልል ሲደመር 3 ሆነ፣ ኤንቲፒ ተሞላ፣ ጥያቄ ወጣ፣ ተፈረመ፣ ተጫነ፣ 802.1ኤክስ በራ። በዚህ ቅደም ተከተል። ፈርምዌር መጨረሻ ላይ ካደሳችሁ አንዳንዱ ዕቃ ሰርተፍኬቱን አብሮ ይሰርዘዋል።

6. ስዊቹን ማብራት

በአንዴ አትዝጉ። ብዙ ስዊች ማንነት እየጠየቀ ግን ማንንም የማይከለክልበት የመከታተያ ሁኔታ አለው። ያንን አብሩና ሁለት ሳምንት ተዉት። የራዲየሱን መዝገብ በየቀኑ እዩ። ያላለፈው ማነው? ለምን? ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን መዝጋት ጀምሩ፤ መጀመሪያ የውጭ ካሜራዎችን፣ የእንግዳ ማረፊያውንና የስብሰባ አዳራሹን ፖርት፣ መጨረሻ ላይ ሒሳብ ክፍሉን።

እያንዳንዱ ፖርት አንድ ዕቃ ብቻ እንዲቀበል አድርጉ። ስልክና ኮምፒውተር በአንድ ገመድ የሚሄዱበት ቦታ ለሁለቱም ለየብቻ የሚጠይቀውን ሁኔታ ምረጡ። ያልተሰካበት ፖርት ይጥፋ።

መብራት ጉዳይ እዚህ ይመጣል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ስዊቹ ቶሎ ይነሳል፣ ሰርቨሩ ይዘገያል። ዕቃዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲጠይቁ የሚመልስ የለም። ሰርቨሩና ዋናው ስዊች ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። ከዚያ ስዊቹ ሰርቨሩ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ እናንተ ወስኑ፤ ካልወሰናችሁ ፋብሪካው ወስኖላችኋል። እኔ የምመክረው ይህ ነው። ቀድሞ ያለፈ ይቆይ፣ አዲስ የሚመጣ ጠባቡ ማረፊያ ቪላን ውስጥ ይግባ፣ የውጭ ግድግዳ ላይ ያለ ፖርት ግን በምንም ምክንያት አይከፈት። ቅዳሜ ከሰዓት ሰው በሌለበት ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ሞክሩት።

ሙከራው በራሳችሁ ኔትወርክ ላይ ይሁን፣ በአለቃችሁ የጽሑፍ ፈቃድ። የጎረቤት ኔትወርክ ውስጥ ያለፈቃድ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል።

ዋይፋዩ ላይ ያው ሰርቨርና ያው ሰርተፍኬት ይሠራል። የዋይፋዩን ደህንነት ደብልዩፒኤ2 ወይም ደብልዩፒኤ3 ኢንተርፕራይዝ አድርጋችሁ ወደ ራዲየሱ አመልክቱት። ኢንተርፕራይዝ የማያውቅ ቴሌቪዥንና አምፖል በተለየ ስም፣ በተለየ ቪላን፣ በተለየ ፓስዎርድ ይኑር።

7. የማይችሉት ዕቃዎች

የጣት አሻራ ማሽኑ ሰርተፍኬት አያውቅም። ለሱ ስዊቹ በማክ አድራሻ ያሳልፈዋል። ይህ ደካማ ነው፤ ማክ አድራሻ ዕቃው ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ ላፕቶፕ ላይ መቅዳትም የደቂቃ ሥራ ነው። ስለዚህ ማሳለፍ ብቻ ሳይሆን ማጥበብ አለባችሁ። ለብቻው ቪላን ስጡት። ብዙዎቹ የአሻራ ማሽኖች የሚነጋገሩት በፖርት 4370 ነው፤ ከሰው ኃይሉ ኮምፒውተር ጋር በዚያ ፖርት ብቻ ይገናኝ። የሠራተኛ አሻራ የግል መረጃ መሆኑንና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩን ለአለቃችሁ ብትነግሩት ገንዘብ ለማስፈቀድ ይረዳል። የድሮ ካሜራ ከመቅጃው ጋር በፖርት 554፣ የድሮ ፕሪንተር ከማተሚያ ሰርቨሩ ጋር በ9100። አንዳቸውም ወደ ኢንተርኔት አይውጡ።

እነዚህ ዕቃዎች ከተሰኩ በኋላ ለመግባት ይዘገያሉ። ሲስኮ ስዊች በነባሪው ማንነት ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፣ በየ30 ሰከንዱ፤ መልስ ሲያጣ ነው ማክ አድራሻ የሚያየው። 90 ሰከንድ ማለት ነው። ዕቃው እስከዚያ አይፒ መጠየቁን ትቶ ሊቀመጥ ይችላል። በየጥያቄው መካከል ያለውን 30 ሰከንድ ወደ 10 ሰከንድ አውርዱት።

በማክ የሚያልፉት ላይ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ብላስትራዲየስ የሚባል ቀዳዳ ይፋ ሆነ፤ በስዊቹና በሰርቨሩ መካከል ያለውን መልስ ከእምቢ ወደ እሺ መቀየር የሚያስችል ነው። ኢኤፒ-ቲኤልኤስን አይነካውም፣ በማክ የሚያልፈውን ግን ይነካል። ስዊቹንም ሰርቨሩንም አድሱ፣ ሜሴጅ-ኦተንቲኬተር የሚባለውን ግዴታ አድርጉ።

በሰርተፍኬት ያለፈ ካሜራም ቢሆን ፍጹም አይደለም። 802.1ኤክስ በሩን ይጠብቃል እንጂ ገመዱ ላይ የሚሄደውን አይመሰጥርም። በካሜራውና በግድግዳው መካከል ትንሽ ዕቃ የሚያስገባ ሰው ካሜራው ሲያልፍ አብሮ ሊያልፍ ይችላል። ማክሴክ የሚባለው ይህን ይዘጋል፣ ግን የሚችሉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። ማክሴክ ከሌለ ካሜራው ቪላን ውስጥ ከመቅጃው በቀር የሚደረስበት ነገር እንዳይኖር አድርጉ።

8. ማደስና ማስወገድ

የሁሉንም ሰርተፍኬት ማብቂያ ቀን ቆጠራው ላይ ጨምሩ፣ በፈረንጅም በእኛም። ከማብቂያው 45 ቀን በፊት የሚያስታውሳችሁ ነገር ስልካችሁ ላይ ሳይሆን የቢሮው የጋራ ካላንደር ላይ ይሁን፤ ሰው ሥራ ይቀይራል። የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ስታድሱ ከዚያው ሰጪ፣ በዚያው ስም አውጡት። ያኔ ዕቃዎቹን መንካት አያስፈልግም።

ያገለገለ ዲቪአር ወይም ፕሪንተር ስትሸጡ መጀመሪያ ስሙን ከዝርዝሩ አውጡ፣ ቀጥሎ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሱት፣ ከዚያ ሰርተፍኬቱ መጥፋቱን ገብታችሁ እዩ። ተቃጥሎ የማይነሳ ዕቃ ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው አይሆኑም። የመጀመሪያው ግን ይሆናል፤ ቁልፉ ውስጡ ቢቀርም ስሙ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ሰርቨሩ አያሳልፈውም። የማክ አድራሻውንም ከማክ ዝርዝሩ ማውጣት እንዳትረሱ፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው እሱ ነው።